የባሪያው ሕልም፦ ፓትሪክ ከእንቅልፉ ሲነቃ ምን አደረገ?



ሕልም የማያይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በእኛ በወንጌል አማኞች መካከልም የሕልም ጉዳይ ትልቅ መነጋገሪያ ነው። አንዱ በሕልሙ እባብ ያይና ሲነጋ ጎረቤቱን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከታል። ሌላዋ ያየችውን ሕልም ይዛ ከእጮኛዋ ትለያለች። የሰው ሕልም እፈታለሁ ብሎ እጁን ለስጦታ የሚዘረጋ አገልጋይም አልጠፋም። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ሁሉ ትርምስ አይተው፣ እግዚአብሔር በሕልም መናገሩን ጨርሶ አቁሟል ብለው በሩን የዘጉ ወገኖች አሉ።

የእግዚአብሔር ቃል ግን ከሁለቱም ጋር አይሄድም። ዮሴፍና ዳንኤል ሕልም ፈትተዋል፤ የማርያም እጮኛ ዮሴፍም ሕፃኑን ይዞ ወደ ግብፅ የሸሸው በሕልም ተነግሮት ነው። ያው ቃል ደግሞ ሕልም ከሥራና ከሐሳብ ብዛት እንደሚመጣ ይነግረናል (መክብብ 5)። ሕልመኛ ነቢያት ሕዝቡን እንዳሳቱ፣ ሕልምና የእግዚአብሔር ቃልም እንደ ገለባና ስንዴ የተለያዩ መሆናቸውን ያሳየናል (ኤርምያስ 23)። ታዲያ ሕልም ያየ ክርስቲያን ምን ያድርግ? ዛሬ ለዚህ ጥያቄ በክርክር ሳይሆን በአንድ ሰው ሕይወት መልስ እንፈልጋለን። ሰውየው ዓለም ሁሉ በስም የሚያውቀው የአየርላንዱ ሐዋርያ ፓትሪክ ነው።

ስለ ፓትሪክ ብዙ አፈ ታሪክ ይወራል። እባቦችን ከአየርላንድ እንዳባረረ፣ ሦስት ቅጠል ባላት ትንሽ ተክል ሥላሴን እንዳስተማረ ይነገራል። እነዚህ ታሪኮች እርሱ ራሱ በጻፋቸው ጽሑፎች ውስጥ የሉም። ከእጁ የቀሩልን ሁለት ጽሑፎች ናቸው፤ አንዱ «ኑዛዜ» ተብሎ የሚታወቀው የሕይወቱ ምስክርነት ነው፤ ሁለተኛው ለኮሮቲኩስ ወታደሮች የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሁለቱም በላቲን ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። በ«ኑዛዜ»ው ውስጥ ደጋግሞ ስለ ሕልሞቹ ይናገራል። ታሪካችንን የምንከተለው በዚያ መሠረት ነው።

የዲያቆን ልጅ፣ ጌታን የማያውቅ

ፓትሪክ የኖረው በ5ኛው መቶ ዘመን ሲሆን የተወለደው በአየርላንድ ሳይሆን በብሪታንያ ነው። አባቱ ካልፖርኒዩስ ዲያቆን ነበረ፤ አያቱ ፖቲቱስ ደግሞ ቄስ ነበረ። ቤተሰቡ ባናቬም ታቡርኒያ በምትባል ስፍራ አጠገብ ርስት ነበረው። እንግዲህ ልጁ ያደገው በአገልጋዮች ቤት ነው። ሆኖም በራሱ ምስክርነት እውነተኛውን አምላክ አያውቅም ነበር፤ የአገልጋዮችንም ምክር አይሰማም ነበር። የዲያቆን ልጅ መሆን ጌታን ማወቅ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

16 ዓመት ሊሞላው ሲል የባሕር ወንበዴዎች አገሩን ወረሩ። ፓትሪክ ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር ተማርኮ ወደ አየርላንድ ተወሰደ። አየርላንድ የሮም መንግሥት ያልገዛት ደሴት ነበረች። ቋንቋዋ ለእርሱ እንግዳ፣ አብዛኛው ሕዝቧም ጣዖት አምላኪ ነበረ። አገልጋዮች ያሉት የጌታ ቤት ልጅ በአንድ ቀን የሰው ባሪያ ሆነ፤ ሥራውም መንጋ መጠበቅ ሆነ።

በብርድ የተማረው ጸሎት

በዚያ በባርነት ምድር ግን አንድ ነገር ሆነ። እግዚአብሔር የልቡን ዓይን ከፈተለት፤ አለማመኑን አስተዋለ፤ በፍጹም ልቡም ወደ አምላኩ ተመለሰ። መንጋውን እየጠበቀ በቀን እስከ መቶ ጊዜ ይጸልይ እንደነበር፣ ሌሊትም ከዚያ ብዙ እንደማያንስ ጽፏል። በጫካና በተራራ እያደረ፣ በረዶ ሲጥል፣ ውርጭ ሲበረታ፣ ዝናብ ሲወርድ ገና ሳይነጋ ለጸሎት ይነሣ ነበር። ይጾምም ነበር።

ወገኖቼ፣ የፓትሪክን ሕልም ከማየታችን በፊት ይህን ልብ እንበል። ፓትሪክ መንፈሳዊ ሕይወቱን በሕልም አልጀመረም። መጀመሪያ የመጣው ንስሐ ነው፤ ቀጥሎ የብዙ ዓመት ጸሎት መጣ፤ ሕልሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንፈልገው በተቃራኒው ነው። ነቅተን መጸለይ ሲያቅተን ተኝተን እንዲነገረን እንጠብቃለን።

መርከቧ ተዘጋጅታለች

በባርነት ስድስተኛው ዓመት ላይ አንድ ሌሊት በእንቅልፉ ድምፅ ሰማ። ድምፁ ጾሙ መልካም እንደሆነና በቅርቡ ወደ አገሩ እንደሚሄድ ነገረው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መርከቡ እንደተዘጋጀ ተነገረው። መርከቧ ግን በአቅራቢያው አልነበረችም። 200 ማይል ያህል፣ ማለትም 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቅ ነበር፤ ወደዚያ ሄዶም አያውቅም፤ በዚያ የሚያውቀው ሰውም አልነበረም። የጠፋ ባሪያ ቢያዝ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ፓትሪክ ተነሥቶ ሄደ። በእግሩ ተጉዞ ወደቡ ደረሰ። መርከቧ በእርግጥ ነበረች! ነገር ግን የመርከቧ አለቃ አይሆንም አለው፤ ተቆጣውም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ሕልሙ የውሸት ነበር ብለን ተስፋ በቆረጥን ነበር። አለዚያም ሕልሙን ጠቅሰን ከሰውየው ጋር በተጣላን ነበር። ፓትሪክ ግን ስለ ሕልሙ አንድም ቃል ለመርከበኞቹ ሲናገር አናነብም። ወዳረፈበት ጎጆ መመለስ ጀመረ፤ በመንገድ ላይም ይጸልይ ነበር። ጸሎቱን ሳይጨርስ ከመርከበኞቹ አንዱ ከኋላው ጮኾ ጠራው፤ ሐሳባቸውን ቀይረው ሊወስዱት ተስማሙ።

ሦስት ቀን በባሕር ተጉዘው ወደ ምድር ደረሱ፤ ከዚያ 28 ቀን ሰው በሌለበት ምድር ተጓዙ። ስንቃቸው አለቀ። የመርከቡ አለቃ ክርስቲያኑን ልጅ አምላክህ ሁሉን ቻይ ከሆነ ስለ እኛ ለምን አትጸልይም ብሎ ጠየቀው። ፓትሪክም በሙሉ ልባቸው ወደ እግዚአብሔር እንዲመለሱ ነገራቸው። ብዙም ሳይቆይ የአሳማ መንጋ በመንገዳቸው ላይ ታየ፤ በሉ፤ ጠገቡ፤ በረቱ። የበረሃ ማርም አገኙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ግን ለመሥዋዕት የቀረበ ነው ስላለ ፓትሪክ አልቀመሰውም።

እንደ ዓለት የከበደው ሌሊት

በዚያው ሌሊት ፓትሪክ ዕድሜ ልኩን የማይረሳው ነገር ደረሰበት። ተኝቶ ሳለ ሰይጣን በኃይል ፈተነው፤ አንድ ታላቅ ዓለት የወደቀበት ያህል ሆነ፤ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ አልቻለም። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ኤልያስን ጠርቶ ጮኸ። ያን ጊዜ ፀሐይ ስትወጣ አየ፤ ብርሃኗ ሲያርፍበት ክብደቱ ሁሉ ለቀቀው።

እኛ ይህን ዱካክ እንለዋለን። የዘመናችን ሐኪሞች ምክንያቱን ያስረዳሉ። ሕልም በብዛት በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አካላችን በሕልሙ እንዳይንቀሳቀስ ጡንቻዎቻችን ይፈታሉ። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና ጡንቻ ሳይነቃ ሲቀር ሰውየው እያወቀ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ደረቱን የሚጫነው ነገር ያለ ይመስለዋል፤ ፍርሃት ይይዘዋል። ድካምና የተዛባ እንቅልፍ ያባብሰዋል። የፓትሪክ ሰውነትም በረሃብና በረጅም ጉዞ የዛለ ነበር። ይህን ማወቃችን እምነታችንን አይጎዳውም። ዱካክ የያዘው ሁሉ ጋኔን አለበት ብለን ሰውን ከማስጨነቅ ያድነናል። የደከመ ሥጋ ግን የፈተና ሰዓት ሊሆን እንደሚችል ኤልያስ ራሱ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሆኖ ያስተምረናል።

ደስ የሚያሰኘው ፓትሪክ ይህን ሌሊት እንዴት እንደያዘው ነው። ኤልያስን ለምን እንደጠራ ራሱም እንደማያውቅ በግልጽ ይናገራል። ያልገባውን ነገር የገባው አስመስሎ አልፈታውም። የረዳው ግን ጌታው ክርስቶስ እንደሆነ አመነ። ያየውን ፀሐይም ምልክት አድርጎ አልያዘውም። በ«ኑዛዜ»ው መጨረሻ አካባቢ የምናያት ፀሐይ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የምትወጣ ፍጥረት ብቻ መሆኗን፣ የሚያመልኳትም እንደሚጠፉ፣ እውነተኛው ፀሐይ ክርስቶስ እንደሆነ ያስተምራል። ሕልሙን በትምህርቱ መዘነው እንጂ ትምህርቱን ከሕልሙ አልቀዳም።

ከአየርላንድ የመጣ ደብዳቤ

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓትሪክ በብሪታንያ ከቤተሰቡ ጋር ነበር። እንደ ልጃቸው በደስታ ተቀበሉት፤ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ዳግመኛ ከእነርሱ እንዳይለይም ለመኑት። የማን እናትና አባት አይለምንም? ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ የደስታ ፍጻሜ ነበር። ሕልሙ ተፈጸመ፤ ባሪያው ነጻ ወጣ፤ ልጁ ቤቱ ገባ።

ነገር ግን በዚያው ቤት ሌላ ሕልም መጣ። በሌሊት ራእይ ቪክቶሪኩስ የተባለ ሰው ስፍር ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ይዞ ከአየርላንድ ሲመጣ አየ። ሰውየው አንዱን ሰጠው። የደብዳቤው መጀመሪያ የአየርላንዳውያን ድምፅ የሚል ነበር። ያን ሲያነብ በምዕራቡ ባሕር አጠገብ ባለው በቮክሉት ጫካ ዘንድ ያሉ ሰዎች በአንድ አፍ ሲጮኹ የሰማ መሰለው። ተመልሶ በመካከላቸው እንዲመላለስ ይለምኑት ነበር። ልቡ ተወጋ፤ ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለም፤ ነቃ።

ወገኖች፣ ይህ ሕልም ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚለይ አያችሁ? የመጀመሪያው ከባርነት አወጣው፤ ሁለተኛው በባርነት ወደያዙት ሰዎች መለሰው። በሰው ተፈጥሮ ብንሄድ ከባርነት ያመለጠ ሰው ስለ አሳዳጆቹ ቢያልም ውድቀታቸውን ያልማል። ፓትሪክ የሰማው ግን የአሳዳጆቹን ልመና ነው። በእኛ አገር ታሪክም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ከፓትሪክ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ፍሬምናጦስ በልጅነቱ ተይዞ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰደ፤ ነጻ ከወጣ በኋላ ግን በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በአትናቴዎስ እጅ ተሹሞ ወደዚያችው ምድር ወንጌልን ይዞ ተመለሰ። ሰው ተማርኮ የሄደበትን አገር እግዚአብሔር የአገልግሎት መስክ ያደርገዋል።

በሕልሙና በመሄዱ መካከል

ፓትሪክ በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ አልተነሣም። ጩኸታቸው የተመለሰላቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደሆነ እርሱ ራሱ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ጽፏል። በእነዚያ ዓመታት ለአገልግሎት ተዘጋጀ፤ ዲያቆን ሆነ፤ በኋላም ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። የቃሉ እውቀት እንዴት እንደሞላበት ከጽሑፉ ይታያል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ማለት ይቻላል የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል አለ። በልጅነቱ ትምህርቱ ስለተቋረጠ ላቲኑ ደካማ እንደሆነ እያፈረ ይናገራል፤ ቃሉን ግን በልቡ ሞልቶት ነበር።

በሌሎች ሌሊቶችም ሕልም አይቷል። በአንዱ ሌሊት የሰማውን ቃል ከመጨረሻው በቀር ሊረዳው አልቻለም፤ በመጨረሻ ግን የሚናገረው ነፍሱን ስለ እርሱ የሰጠው ጌታ እንደሆነ ተነገረውና በደስታ ነቃ። በሌላው ሌሊት በውስጡ አንድ የሚጸልይ በመቃተት ሲጸልይ ሰማ። ማን ይሆን ብሎ ሲገረም መንፈስ ቅዱስ እንደሆነ ተገለጠለት። ሲነቃ ያደረገውን ልብ በሉ፤ የሐዋርያውን ቃል አስታወሰ። መንፈስ በማይነገር መቃተት ስለ እኛ እንደሚማልድ ጳውሎስ በሮሜ 8 ያስተማረውን ማለት ነው። ፓትሪክ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሕልም ፈቺ ፍለጋ አልሄደም፤ ወደ መጽሐፉ ሄደ።

የክስ ሌሊት

የፓትሪክ ከባዱ ቁስል የመጣው ከጣዖት አምላኪዎች አልነበረም፤ ከአገልጋዮች ዘንድ ነበር። በ15 ዓመቱ ገደማ አንድ ኃጢአት ሠርቶ ነበር። ዲያቆን ከመሆኑ በፊት ልቡ ሲጨነቅ ይህን ለቅርብ ወዳጁ ተናዘዘ። ከ30 ዓመት በኋላ ያ ምሥጢር ወጣ፤ ታላላቆቹ በዚህ ከሰሱት፤ አገልግሎቱንም ተቃወሙ። ወዳጁ ቀድሞ በእርሱ ፋንታ ሲሟገትለት የነበረ ሰው ነበር። ፓትሪክ በዚያን ቀን ለዘላለም ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

በዚያው ሌሊት በራእይ ክብሩን የሚገፍ ጽሑፍ በፊቱ ተጽፎ አየ። ከዚያም የእግዚአብሔር ድምፅ በተደረገው ነገር ማዘኑን ሲናገር ሰማ። ፓትሪክን ያጽናናው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ድምፁ አንተ አይተሃል አላለውም፤ እኛ አይተናል አለው እንጂ። እግዚአብሔር ራሱን ከተከሰሰው ባሪያው ጋር እንደቆጠረ ተረዳ። በዚህ ሕልም ግን ከሳሾቹን አላስፈራራም። ስለ ወዳጁም የጻፈው በእርግማን ሳይሆን በኀዘን ነው። ሕልሙ ልቡን አጸናለት፤ የበቀል መሣሪያ አልሆነውም።

ሕልሙ ያስከፈለው ዋጋ

ፓትሪክ በአየርላንድ ብዙ ሺህ ሰዎችን አጠመቀ፤ አገልጋዮችንም ሾመ። ከእርሱ በፊት በደሴቲቱ አማኞች አልነበሩም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ431 ጳላዲዩስ የተባለ ኤጲስ ቆጶስ በክርስቶስ ወዳመኑ አየርላንዳውያን ተልኮ ነበር። ፓትሪክ ግን ወንጌል ወዳልደረሰባቸው ዳርቻዎች ዘልቆ ሄደ።

ስላጠመቀ ከማንም ሳንቲም አልተቀበለም። ሴቶች በፍቅር ጌጣቸውን በመሠዊያው ላይ ሲያኖሩ መልሶ ሰጣቸው፤ ቅር ቢላቸውም የማያምኑ ሰዎች ወንጌልን የሚነቅፉበት ምክንያት እንዳያገኙ ፈራ። እንዲያውም እርሱ ነበር ከፋዩ፤ በሰላም ለመንቀሳቀስ ለነገሥታት ስጦታ ይሰጥ ነበር። አንድ ጊዜ ከባልንጀሮቹ ጋር ተይዞ ንብረቱ ተዘረፈ፤ በብረት ታስሮ 14 ቀን ቆየ። ወደ ብሪታንያ ሄዶ ቤተሰቡን ማየት ይናፍቅ ነበር፤ ነገር ግን የጀመረውን ሥራ ጥሎ መሄድ አልቻለም።

ሁለተኛው ጽሑፉ የፍቅሩን ልክ ያሳያል። የኮሮቲኩስ ወታደሮች ገና የተጠመቁ፣ ነጭ ልብሳቸውን ያላወለቁ ክርስቲያኖችን ገደሉ፤ ሌሎቹን ማርከው ሸጡ። ፓትሪክ ምርኮኞቹን እንዲመልሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያስተማረውን ቄስ ደብዳቤ አስይዞ ላከ፤ ወታደሮቹ ግን ሳቁበት። ያን ጊዜ ስለ ሙታኑ እያለቀሰ፣ ገዳዮቹንም ለንስሐ እየጠራ ያን ከባድ ደብዳቤ ጻፈ። በልጅነቱ በአየርላንዳውያን እጅ ባሪያ የነበረ ሰው አሁን ለባርነት ስለተሸጡ አየርላንዳውያን ይጮኻል። በሕልሙ ድምፃቸውን የሰማ ሰው በቀን ብርሃን ድምፅ ሆነላቸው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ፓትሪክ ሕልምን በጸሎት ፋንታ አልተጠቀመበትም። የሌሊቱ ድምፅ የመጣው ቀንና ሌሊት ከሚጸልይ ሰው ዘንድ ነው። እንቅልፍ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ መዝሙረኛውም ሌሊት ልቡ እንደሚመክረው ይመሰክራል። ሌሊት የሚመክረን ልብ ግን ቀን የሞላንበት ልብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲነቃ ወደ ቃሉ ሄደ። ቃሉ የሚደግፈውን ያዘ፤ ያልገባውን አልገባኝም አለ። ሕልም ሁሉ ፍቺ የለውም፤ ሁሉም ሕልም ከላይ አይመጣም። የድካም ሕልም አለ፤ የፍርሃት ሕልም አለ፤ ማታ ያወራነው ነገር የሚመለስበት ሕልምም አለ።

ሦስተኛ፣ የራሱን ሕልም ተናገረ እንጂ በሰው ሕልም አልነገደም። በጽሑፎቹ ውስጥ የሌላውን ሰው ሕልም እየፈታ ጥቅም ሲያገኝ አናየውም።

አራተኛ፣ ጊዜ ሰጠው። ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር በመጠበቅ አይበላሽም። የትዳር፣ የሥራ፣ የአገር ለውጥ ውሳኔ በአንድ ሌሊት ሕልም ላይ ብቻ የምትጥሉ ወገኖች፣ እባካችሁ ጸልዩ፤ ቃሉን መርምሩ፤ በሳል ከሆኑ አገልጋዮች ጋር ተማከሩ።

አምስተኛና ዋናው፣ ሕልሙ ወዴት እንደወሰደው ተመልከቱ። ጎረቤቱን ወደ መጠርጠር አልወሰደውም፤ ወደ ይቅርታ ወሰደው። ወደ ሀብት አልወሰደውም፤ ወደ መስጠት ወሰደው። ጠላቱን እንዲፈራ አላደረገውም፤ ለጠላቱ ወንጌልን ይዞ እንዲሄድ አደረገው። ከክርስቶስ የመጣ ነገር ክርስቶስ ወደ ሄደበት መንገድ ይመራል፤ ያ መንገድ ደግሞ የመስቀል መንገድ ነው።

ምናልባት ይህን ጽሑፍ የምታነብ ወንድሜ ወይም እህቴ፣ በሕልምህ ወይም በሕልምሽ የበደላችሁ ሰው ፊት ደጋግሞ ይታይ ይሆናል። እርሱን ይዛችሁ ወደ ሕልም ፈቺ ከመሮጣችሁ በፊት ተንበርክካችሁ ስለዚያ ሰው ጸልዩ። ሕልሙ ከድካም የመጣ ቢሆን እንኳ ጸሎታችሁ ከንቱ አይሆንም። ከጌታ ከሆነ ደግሞ የአየርላንድን ሕዝብ ያገኘው ፍቅር በእናንተ በኩል አንድ ሰው ሊያገኝ ነው።

ጌታ እንቅልፋችሁንም ንቃታችሁንም ይባርክ። አሜን።